መስመሩ 4 ኢንች ስለሆነ ቫልቩም 4 ኢንች ይሁን?

ጥያቄው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ዳር ባለ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ በፕሮጀክት ክፍል የምሠራ ጀማሪ ኢንጂነር ነኝ። ከምድር ታንክ ውሃ ስበን፣ በሂት ኤክስቼንጀር (ሙቀት ማስተላለፊያ) አሳልፈን፣ 18 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ታንክ የምናወጣበት ባለ 4 ኢንች መስመር አለን። ፍሰቱን የሚቆጣጠር ኮንትሮል ቫልቭ ልንገዛ ነው። መደበኛው ፍሰት በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲበዛ 40፣ ሲያንስ 10 ይሆናል። ውሃው 20 ዲግሪ ነው። በሳምንት ሁለቴ ግን ለእጥበት 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በዚሁ መስመር ይሄዳል። ፓምፑ በ40 ሜትር ኩብ 45 ሜትር፣ በ30 ላይ 47.5 ሜትር፣ በ10 ላይ 50.5 ሜትር ይገፋል። በ40 ሜትር ኩብ የቧንቧውና የኤክስቼንጀሩ ሰበቃ 15 ሜትር ይበላል። በስዕሉ ላይ ቫልቩ የተቀመጠው ላይኛው ታንክ አጠገብ ነው። አቅራቢው ‹መስመሩ 4 ኢንች ስለሆነ ቫልቩም 4 ኢንች ነው› ብሎ ኬቪው (ውሃ የማሳለፍ አቅሙን የሚናገረው ቁጥር) 160 የሆነ ሊኒየር ግሎብ ቫልቭ አቅርቧል። አለቃዬም ተስማምቷል። እኔን ግን ልቤ አልቀበል አለኝ። ምን ይላሉ? እህትዎ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ልብሽ ልክ ነው። አትግዢው።

አቅራቢው ሊያጭበረብርሽ ነው እያልኩ አይደለም። «ቫልቭ እንደ መስመሩ ነው» የሚለው አባባል የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ለመዝጊያ ቫልቭ ትክክል ነው። ጌት ቫልቭ ወይም ቦል ቫልቭ ለመክፈትና ለመዝጋት ብቻ ከሆነ በመስመሩ ልክ ይገዛል፣ አለቀ። ሰው ያንን ይለምድና ኮንትሮል ቫልቭ ሲመጣም በዚያው ይቀጥላል።

የሁለቱ ሥራ ግን ተቃራኒ ነው። ቧንቧና መዝጊያ ቫልቭ ግፊት ሳይበሉ ውሃውን እንዲያሳልፉ ነው የሚፈለገው። ኮንትሮል ቫልቭ ደግሞ የሚሠራው ግፊት በመብላት ነው። ምንም ካልበላ ምንም አይቆጣጠርም። ስለዚህ መጠኑን የሚወስነው የቧንቧው ስፋት ሳይሆን እንዲበላ የተተወለት ግፊት ነው።

ለልጅ ልብስ ሲገዛ «ያድግበታል» ይባልና ሰፋ ያለ ይመረጣል። ቧንቧም የሚገዛው እንደዚያ ነው። የእናንተ 4 ኢንች መስመር በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ሲያልፍበት ውሃው በሰከንድ ከ1 ሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ይሄዳል። ጥሩ ነው፤ ነገ ፋብሪካው ቢሰፋ መስመሩ አይጨነቅም። ቫልቭ ግን ጫማ ነው። «ያድግበታል» ብለሽ ብትገዢው ዛሬ ያደናቅፍሻል።

ማደናቀፍን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላውጋሽ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ፋብሪካ ውስጥ የቦይለር መጋቢ ውሃ መስመር ላይ እሠራ ነበር። ቫልቩ በመስመሩ ልክ የተገዛ ነው። የቦይለሩ የውሃ ከፍታ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አንድ ቀን እንኳ ረግቶ አያውቅም። ፖዚሽነሩን፣ ማለትም ቫልቩ የታዘዘውን ያህል እንዲከፈት የሚያደርገውን መሣሪያ፣ ቀየርን። የኮንትሮለሩን ቁጥሮች ስንነካካ ሰነበትን። ወይ ፍንክች! አንድ የማታ ፈረቃ ኦፕሬተር ነበር፤ በሱ ፈረቃ ብቻ ግራፉ ቀጥ ይላል። ነገሩ ገርሞኝ አንድ ሌሊት አብሬው አደርኩ። ለካ ገና ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ከኮንትሮል ቫልቩ በፊት ያለውን የእጅ ቫልቭ ከግማሽ በላይ መዝጋት ነው። ጠዋት ሲወጣ መልሶ ይከፍተዋል፤ የቀን ኢንጂነሮች እንዳይቆጡት።

የእጅ ቫልቩ ከግፊቱ ከፊሉን ሲበላለት ኮንትሮል ቫልቩ ከ7 በመቶ ወደ 20 በመቶ ገደማ ይከፈታል። ያኔ መንቀሳቀሻ ቦታ ያገኛል። ሰውየው ኬቪ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። መልሱን ግን ከእኛ ቀድሞ አግኝቶታል። በኋላ ቫልቩን ስንፈታው ሲቱ (መዝጊያው የሚያርፍበት ቀለበት) ላይ ሽቦ ተጎትቶ የቦረቦረው ይመስል ነበር። ጥቂት ብቻ ተከፍቶ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ቫልቭ መጨረሻው ይኸው ነው። ውሃው በቀጭን ክፍተት ሲወነጨፍ ብረቱን ይልጠዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የምንፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ ኬቪ። በቫልቩ መግቢያና መውጫ መካከል 1 ባር የግፊት ልዩነት ሲኖር በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ያልፋል ማለት ነው። ካታሎጉ የአሜሪካ ከሆነ ሲቪ የሚባለውን ታገኛለሽ። ሲቪን በ1944 ያስተዋወቀው ማሶኒላን የተባለው የቫልቭ ኩባንያ ነው። እሱ ደግሞ በ1 ፒኤስአይ ልዩነት በደቂቃ ስንት የአሜሪካ ጋሎን እንደሚያልፍ ይናገራል። ለአንድ ቫልቭ የሲቪው ቁጥር ከኬቪው በ16 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ኬቪ 63 ማለት ሲቪ 73 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ስለሚቀራረቡ አንዱን በሌላው ቦታ ማንበብ ቀላል ነው፤ ተጠንቀቂ።

ለውሃ ቀመሩ ይሄ ነው፦ ኬቪ = ፍሰት ÷ √የግፊት ልዩነት። ፍሰቱ በሰዓት ሜትር ኩብ፣ ልዩነቱ በባር። ሌላ ፈሳሽ ሲሆን ልዩነቱን ቀድመሽ ለአንጻራዊ ጥግግቱ ታካፍያለሽ። ሙሉው አሠራር አይኢሲ 60534 በሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ላይ አለ። ለእናንተ ውሃ ግን ከዚህ የራቀ ነገር አያስፈልግም።

ቀመሩ አይደለም የሚከብደው። የሚከብደው «የግፊት ልዩነቱ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «በቃ 1 ባር በለው» ይልና ያልፋል። የግፊት ልዩነት ግን ተመርጦ አይገባም፤ የሚተርፍ ነገር ነው። ፓምፑ ከሚሰጠው ላይ ከፍታውን ትቀንሻለሽ። የቧንቧውንና የኤክስቼንጀሩን ሰበቃ ትቀንሻለሽ። የቀረው የቫልቩ ነው። እንደ ደሞዝ ቁጠሪው፤ የቤት ኪራይና አስቤዛ ወጥቶ ኪስ ውስጥ የሚቀረው።

በ40 ሜትር ኩብ እንጀምር። ፓምፑ 45 ሜትር ይሰጣል። 18ቱ ለከፍታው፣ 15ቱ ለሰበቃው ይሄዳል። 12 ሜትር ይተርፋል። 10.2 ሜትር ውሃ 1 ባር ስለሆነ ይሄ 1.18 ባር ነው። ኬቪው 37 ይመጣል።

በ30 ሜትር ኩብ ሰበቃው ይቀንሳል። የሚሄደው በፍሰቱ ካሬ ነውና 15 ሜትር የነበረው ወደ 8.4 ይወርዳል። ከ47.5 ላይ 18 እና 8.4 ሲነሳ 21.1 ሜትር ይቀራል፤ 2.07 ባር። ኬቪው 21 ነው።

በ10 ሜትር ኩብ ሰበቃው 1 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለቫልቩ 31.6 ሜትር ይተርፈዋል፤ 3.1 ባር። ኬቪው 5.7 ብቻ ነው።

እስኪ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ደግመሽ እያቸው። ፍሰቱ ከ10 ወደ 40 ሲያድግ 4 እጥፍ ነው። ኬቪው ግን ከ5.7 ወደ 37 ሲሄድ ስድስት እጥፍ ተኩል ነው። ፍሰቱ ሲያንስ ፓምፑ የበለጠ ይገፋል፣ ቧንቧው ያነሰ ይበላል፣ ትርፉ በሙሉ ቫልቩ ላይ ይከመራል። ለከፍተኛው ፍሰት ብቻ ተሰልቶ የተገዛ ቫልቭ ዝቅተኛው ፍሰት ጋ ሲደርስ የሚያብደው ለዚህ ነው። ሦስቱንም ሳትሠሪ ማንም ጋ የዋጋ ጥያቄ አትላኪ።

አሁን የአቅራቢውን ቫልቭ እንፈትነው። ሙሉ ተከፍቶ 40 ሜትር ኩብ ቢያልፍበት የሚበላው 0.06 ባር ነው። የተተወለት 1.18 ባር ነበር። ቫልቩ የለም ማለት ይቀላል። ሊኒየር ስለሆነ መክፈቻው ከኬቪው ጋር እኩል ይሄዳል። ለ40 ሜትር ኩብ 23 በመቶ፣ ለ30 13 በመቶ፣ ለ10 ደግሞ 4 በመቶ ያልሞላ ይከፈታል። ሥራው ሁሉ ከጉዞው በመጀመሪያዋ ሩብ ውስጥ ነው። ለቀሪው ሦስት ሩብ የከፈላችሁት ገንዘብ ለጌጥ ነው።

ይባስ ብሎ ቫልቭ እንደ ሐሳብ አይንቀሳቀስም። ፓኪንጉ (ውሃ እንዳይሾልክ የሚያሽገው) ስቴሙን (መዝጊያውን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ) ጨብጦ ይይዘዋል፤ ከዚያ ድንገት ይለቀዋል። አሮጌ መሳቢያ ስትከፍቺ የሚያደርገውን ታውቂያለሽ። ከጉዞው 1 በመቶ ያህል ቢዘል በዚህ ቫልቭ ላይ ኬቪው በ1.6 ይቀየራል። በመደበኛው ፍሰት ያ 8 በመቶ ገደማ ነው። በዝቅተኛው ፍሰት ግን ከሩብ በላይ ነው! ፍሰቱ 10 መሆን ሲገባው 12 ከግማሽ ይደርሳል። ኮንትሮለሩ ይደነግጥና ይዘጋል። ይበልጥ ይዘጋና 7 ከግማሽ ይሆናል። እንደገና ይከፍታል። ከዚያ ሰው መጥቶ «ፖዚሽነሩ ተበላሽቷል» ይላል።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የትሪሙ፣ ማለትም ፍሰቱን የሚወስኑት የቫልቩ የውስጥ ክፍሎች፣ ጠባይ ነው። ሊኒየር ሳይሆን ኢኩዋል ፐርሰንቴጅ የሚባለውን ጠይቂ። እሱ በእያንዳንዱ እኩል እርምጃ ላይ ያለውን ፍሰት በእኩል በመቶኛ ይቀይራል። በተለመደው የ50 ለ1 ትሪም (ትልቁ ኬቪው የትንሹ 50 እጥፍ በሆነ) ላይ 1 በመቶ ጉዞ ኬቪውን በ4 በመቶ ገደማ ይለውጠዋል። ላይም ታችም ያው 4 በመቶ ነው። ሊኒየር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በቫልቩ ላይ ያለው የግፊት ልዩነት ብዙም በማይቀያየርበት ቦታ፣ ለምሳሌ ታንክን ከራሱ ከፍታ በሚያስወጣ መስመር ላይ፣ እኔም ሊኒየር ነው የምመርጠው። የእናንተ ልዩነት ግን ከ3.1 ወደ 1.18 ነው የሚወርደው፤ ወደ ሲሶ ተጠግቷል። እንዲህ ያለ መስመር ላይ ኢኩዋል ፐርሰንቴጅ የማያከራክር ነው።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። በብዙ የአውሮፓ ካታሎግ ላይ የግሎብ ቫልቭ ሙሉ ኬቪ ለ50 ሚሊ ሜትር (2 ኢንች) 40፣ ለ65 ሚሊ ሜትር (2½ ኢንች) 63፣ ለ80 ሚሊ ሜትር (3 ኢንች) 100፣ ለ100 ሚሊ ሜትር (4 ኢንች) 160 ነው። ሁሉንም በኢኩዋል ፐርሰንቴጅ ብናስባቸው፦ ባለ 160ው ለ40፣ ለ30 እና ለ10 ሜትር ኩብ በቅደም ተከተል 63፣ 48 እና 15 በመቶ ይከፈታል። ባለ 100ው 75፣ 60 እና 27። ባለ 63ቱ 86፣ 72 እና 39። ባለ 40ው በከፍተኛው ፍሰት 98 በመቶ ይደርሳል፤ መተንፈሻ የለውም፣ ጣይው።

እኔ የምሄድበት ልማድ ይሄ ነው፦ በከፍተኛው ፍሰት ከ90 በመቶ በታች፣ በመደበኛው ከ60 እስከ 75 ባለው፣ በዝቅተኛው ከ20 በላይ። በዚህ ሚዛን ባለ 63ቱ ለዛሬ ሥራ የተሰፋ ነው። ባለ 100ውም ያስኬዳል። ባለ 160ውን ኢኩዋል ፐርሰንቴጅ አድርገውም ቢያመጡት ታች ላይ ይንገዳገዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ዋጋ ደግሞ የሰውነቱ ብቻ አይደለም፤ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው አክቹዌተርም አብሮ ያድጋል።

እኔ ብሆን የምገዛውን ልንገርሽ። ባለ 3 ኢንች ቫልቭ፣ ውስጡ ግን ኬቪ 63 የሆነ የተቀነሰ ትሪም። ሰፋ ያለ ጫማ ገዝቶ ውስጡን ተጨማሪ ሶል እንደማስገባት ነው። ሁለት ምክንያት አለኝ። በአሜሪካ ስታንዳርድ ለሚመጣ ዕቃ 2½ ኢንች ቶሎ የሚገኝ መጠን አይደለም፤ መለዋወጫውም ያስቸግራል። ሌላው፣ ነገ ፋብሪካው ሲሰፋ ቫልቩን ሳትቆርጪ ትሪሙን ብቻ አውጥተሽ ባለ 100ውን ታስገቢያለሽ። አለቃሽን የሚያሳምነውም ይሄ ይመስለኛል፤ «ያድግበታል» የሚለውን ፍላጎቱን ሳትነኪበት። ሲያቀርቡልሽ ትሪሙ የሚቀየር መሆኑን በጽሑፍ አስቀምጪ።

«ከ4 ወደ 3 ኢንች የሚያጠቡት ሬዱሰሮችስ ፍሰቱን አይዙም?» ይሉሻል። አስልቼዋለሁ። የቫልቩን አቅም የሚቀንሱት ከ1 በመቶ ባነሰ ነው። በባለ 2½ ኢንቹ ቢሆን 3 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር። ሁለቱም አያስጨንቁም። በነገራችን ላይ ከመስመሩ በአንድ ደረጃ ያነሰ ኮንትሮል ቫልቭ በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነገር ነው። ከመስመሩ ግማሽ በታች መውረድ ግን አልወድም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 40ው ከየት መጣ? ሰው ለክቶት ነው ወይስ ስብሰባ ላይ የተባለ ነው? የምጠይቅሽ ለነገር አይደለም። የማምረቻ ክፍሉ «ለማንኛውም» ብሎ 20 በመቶ ይጨምራል። ዲዛይነሩ ያንን ሳያውቅ 20 ይጨምራል። አቅራቢው ደግሞ ወቀሳ ፈርቶ 20 ይጨምራል። ሦስት የፈሩ ሰዎች ተደምረው 73 በመቶ ትርፍ ይሆናል። ማንም አልዋሸም፤ ቫልቩ ግን ሁለት ቁጥር ከፍ ብሎ ይገዛል። እውነተኛው ከፍተኛ ፍሰት 33 ብቻ ሆኖ ካገኘሽው ባለ 40 ኬቪውም ወደ ጨዋታው ይመለሳል።

አሁን ወዳልጠየቅሽኝ ነገር። ደብዳቤሽን ሳነብ ከመጠኑ በላይ ያስደነገጠኝ «ላይኛው ታንክ አጠገብ» የሚለው ነው።

ቫልቩን ከታችም አስቀመጥሽው ከላይ የሚበላው ግፊት ያው ነው፤ ስለዚህ ኬቪው አይቀየርም። ዕድሜው ግን ይቀየራል። ውሃ በቫልቩ ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወድቃል። ግፊቱ ከውሃው የትነት ግፊት በታች ከወረደ ውሃው እዚያው በቅጽበት ይፈላል፤ አረፋ ይሠራል። ከጠባቡ ወጥቶ ግፊቱ ሲመለስ አረፋው ይፈርሳል። ሲፈርስ ብረቱን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ካቪቴሽን የሚባለው ይሄ ነው። ድምፁ ቧንቧ ውስጥ ጠጠር የሚንከባለል ነው የሚመስለው። አንዴ ከሰማሽው አትረሽውም።

ከፍታችን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ 0.77 ባር ገደማ ነው፤ የባሕር ወለል ላይ 1.01 ነው። ውሃ እዚህ 92 ወይም 93 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላውም እሳት ላይ የሚያመሸው ለዚህ ነው። የቫልቭ መምረጫ ሶፍትዌሮች ደግሞ ካልነገርሻቸው በስተቀር የባሕር ወለልን ነው የሚወስዱት። ባሕረ ሰላጤው አገር ስሠራ ይሄ አሳስቦኝ አያውቅም ነበር፤ እዚያ ባሕሩ ከመስኮት ይታያል።

ግሎብ ቫልቭ ከመታነቁ በፊት (ማለትም ልዩነቱ ቢጨምርም ፍሰቱ የማይጨምርበት ደረጃ ሳይደርስ) ሊበላ የሚችለው የግፊት ልዩነት በግርድፉ 0.81 ሲባዛ በመግቢያው ፍጹም ግፊት (የጌጁ ንባብ ሲደመር የአየር ግፊቱ) እና በትነት ግፊቱ ልዩነት ነው። 0.81 የመጣው ከግሎብ ቫልቭ የግፊት ማገገሚያ ቁጥር (ከጠባቡ በኋላ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚመለስ ከሚናገረው)፣ ከ0.9 ካሬ ነው። የትነት ግፊቱ ራሱ 0.95 አካባቢ በሆነ ቁጥር ይባዛል፤ እሱን አስገብቼ ሠርቼዋለሁ።

ቫልቩ ላይኛው ታንክ አጠገብ ነው እንበል። መውጫው ክፍት ነው፣ ማለትም 0.77 ባር። በ10 ሜትር ኩብ 3.1 ባር መብላት አለበት፤ ስለዚህ መግቢያው 3.87 ባር ነው። በ20 ዲግሪ ውሃ ሊበላ የሚችለው 3.12 ባር ይሆናል። የሚፈለገው 3.1! ጠርዝ ላይ ቆመሻል። ካቪቴሽን ደግሞ ቫልቩ ከመታነቁ በፊት ነው የሚጀምረው። ባሕር ወለል ላይ ቢሆን 3.31 ይሆን ነበር፤ ሶፍትዌሩም «ችግር የለም» ብሎ አረንጓዴ ያበራልሽ ነበር።

የእጥበቱ ቀን ሲመጣ ይብሳል። የ80 ዲግሪ ውሃ የትነት ግፊት 0.47 ባር ነው። ያኔ ሊበላ የሚችለው ወደ 2.77 ይወርዳል። የሚፈለገው ግን ያው 3.1 ገደማ ነው። ታነቀ። በሳምንት ሁለቴ ትሪሙን በመዶሻ እያስቀጠቀጥሽው ነው ማለት ነው።

ያንኑ ቫልቭ ምድር ቤት፣ ከኤክስቼንጀሩ ቀጥሎ አውርጂው። አሁን ከመውጫው በኋላ 18 ሜትር የቆመ ውሃ አለ። መውጫው 2.5 ባር፣ መግቢያው 5.6 ባር ፍጹም ግፊት ይሆናል። በ80 ዲግሪ ሊበላ የሚችለው 4.2 ባር ነው፤ የሚፈለገው 3.1። ሰፊ ነው። ለዚህ የምትከፍይው ሳንቲም የለም፤ ስዕሉ ላይ አንድ ምልክት ማዛወር ብቻ ነው። ኤክስቼንጀሩም አሁን ከሚያየው የበለጠ ግፊት አያይም። ለጥገናም ማንም ሰው 18 ሜትር መሰላል ላይ አይወጣም።

ሰው «ባተርፍላይ ይርከሳል፣ እሱን እንግዛ» ካለሽ ይሄንኑ ሒሳብ አሳዪው። የባተርፍላይ ማገገሚያ ቁጥር ከ0.6 እስከ 0.7 አካባቢ ነው። ካሬው ግማሽ እንኳ አይደርስም። ታች ላይ ብታስቀምጪው እንኳ በሙቅ ውሃ ይታነቃል። በዚያ ላይ የ4 ኢንች ባተርፍላይ ኬቪ ከግሎቡም በጣም ስለሚበልጥ ገና ስንጥቅ ብሎ ነው የሚሠራው። ለትልቅ መስመርና ለትንሽ ግፊት ጥሩ ዕቃ ነው። ለዚህ አይሆንም።

ስለ እንፋሎት የሚጠይቁኝም ብዙ ስለሆኑ በአጭሩ ልበል። የውሃውን ቀመር ለእንፋሎት አትጠቀሙ። ለደረቅ ሙሌት እንፋሎት የመውጫው ፍጹም ግፊት ከመግቢያው 58 በመቶ በታች ከወረደ ፍሰቱ ከዚያ በላይ አይጨምርም። ያኔ ግምቱ 12 ሲባዛ በኬቪ ሲባዛ በመግቢያ ፍጹም ግፊት ነው፤ መልሱ በሰዓት ኪሎ ግራም ይመጣል። ኬቪ 10፣ መግቢያ 5 ባር ከሆነ 600 ኪሎ ግራም። እዚህም ፍጹም ግፊት ስል የጌጁን ንባብ ሲደመር 0.77 ማለቴ ነው።

ሌላ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። በመደበኛው ፍሰት ቫልቩ 2 ባር እየበላ ሲሠራ ወደ 1.7 ኪሎ ዋት የሚሆን የውሃ ኃይል እየጣላችሁ ነው፤ ከሞተሩ መብራት ሲታሰብ ከዚያም ይበልጣል። ፓምፑ ላይ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቀይር መሣሪያ) ብታስገቡ አብዛኛው ይድናል። በዓመት ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ ቆጥረሽ የኢንቨርተሩንና የቫልቩን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጪው። ፋብሪካው 24 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ እኔ ኢንቨርተሩን ሳላይ ቫልቭ አልገዛም። ፓምፑ ሌላ መስመርም የሚመግብ ከሆነ ግን ፍጥነቱን መቀነስ ስለማትችሉ ወደ ቫልቩ ተመለሽ።

ለአቅራቢው የምትልኪው ወረቀት ላይ ሦስቱን ፍሰቶች ከየግፊታቸው ጋር፣ ሁለቱን የሙቀት መጠኖች፣ የአየር ግፊቱን 0.77 ብለሽ ጻፊ። በእያንዳንዱ ላይ መክፈቻው ስንት በመቶ እንደሆነና ድምፁ ስንት ዴሲቤል እንደሚሆን እንዲመልስልሽ ጠይቂ። መክፈቻውን መጻፍ የማይፈልግ አቅራቢ አላሰላም ማለት ነው። አክቹዌተሩ 5 ባር ተገፍቶበት መዝጋት እንዲችል ይሁን፤ ፓምፑ ፍሰት ሲያጣ የሚደርሰው እዚያ ነው። ተዘግቶ ለሚያሾልከው ውሃ ክላስ 4 የሚባለው ደረጃ ይበቃችኋል፤ ሲዘጋ ከሙሉ አቅሙ 0.01 በመቶ ቢያንጠባጥብ ነው። ጠብታ እንዳያልፍ ከፈለጋችሁ ከጎኑ መዝጊያ ቫልቭ ስላለ እሱን ዝጉት።

ባይፓስ (ኮንትሮል ቫልቩን ዞሮ የሚያልፍ መስመር) ካላችሁ ደግሞ እዚያ ላይ 4 ኢንች ጌት ቫልቭ እንዳታስገቢ። ኮንትሮል ቫልቩ ለጥገና ሲወጣ ፍሰቱን በእጁ የሚቆጣጠረው ኦፕሬተሩ ነው፤ ጌት ቫልቭ ደግሞ ገና ሁለት ዙር ሲከፈት ውሃውን በሙሉ ይለቃል። 3 ኢንች የእጅ ግሎብ ቫልቭ አድርጊለት።